ለሁሉም አንድ ሕግ፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የስፖርት ሕይወት

ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ በየደጁም ቡሄ ይጨፍራሉ፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ። ስሟን ከዚያው ከተቀደሰው ተራራ ለወሰደችው ለደብረ ታቦር ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ ደግሞ በዓሉ የአገሩ መጠሪያ በዓል ጭምር ነው። በ1979 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የተወለዱት በዕንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ስለነበረ፣ 66ኛውን ዓመታቸውን ለመድፈን የቀራቸው ጊዜ አንድ ወር እንኳ አይሞላም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አቶ ይድነቃቸው በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወሱት ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. ያገኘችውን የአፍሪካ ዋንጫ ባስገኙት አሠልጣኝነታቸው ነው። መታሰቢያው ተገቢ ቢሆንም የሰውዬውን ሥራ ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ የፌዴሬሽን መሥራችና የአህጉር መሪ ሆነው ባሳለፉት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከእጃቸው ያልተለየ አንድ ነገር ቢኖር ሕግ ነው። ኳስ የሚጫወት ሰው ብዙ ነበረ፤ ኳሱ በምን ሕግ እንደሚጫወት፣ ሕጉንም ማን እንደሚያወጣና በማን ላይ እንደሚሠራ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበረ። የእርሳቸው ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በደጋው አገር ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የገና ጨዋታ ማሰብ ይጠቅማል። ከጉና ተራራ ሥር እስከ ጋይንት ድረስ ባለው ሜዳ ልደት በመጣ ቁጥር ጎልማሳውና ወጣቱ በሁለት ወገን ተከፍሎ፣ ቆልመም ያለ ዱላውን ይዞ፣ ሩሯን ሲያሳድድ ይውላል። የተጫዋቹ ቁጥር እንደ መጣው ሰው ብዛት ነው፤ የሜዳው ወሰንም እንደ አገሩ አቀማመጥ ነው። ጨዋታው የሚያበቃው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ይህ ሁሉ ለበዓል ደስታ የሚመች ነው። ነገር ግን የአንዱ አጥቢያ ልማድ ከሌላው ስለሚለይ ሩቅ ለሩቅ ያለ ሰው ተገናኝቶ ያለ ክርክር ሊጫወት አይችልም።

እግር ኳስ የመጣው በሌላ ሥርዓት ነው። በአንድ ወገን የሚሰለፈው ሰው 11 ነው፤ የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው፤ የፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ርቀት ነው። ይህ ልክ በደብረ ታቦርም፣ በካይሮም፣ በለንደንም አንድ ነው። ልኩ አንድ በመሆኑ የማይተዋወቁ፣ በቋንቋና በሃይማኖት የማይገናኙ ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ለሁሉም እኩል የሚሠራ መለኪያ ካለ ሁሉም ይወዳደራል፤ መለኪያው እንደ ሰዉ ማንነት የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ውድድር የሚባል ነገር አይኖርም። አቶ ይድነቃቸው ይህንን የተማሩት ገና በልጅነታቸው፣ በክፉ ዘመን ነበር።

የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው በቅኔና በቀልድ አዋቂነታቸው የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው ስለ አውቶሞቢል ተምረዋል፤ በዚያው ቆይታቸውም ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆናቸው ይነገርላቸዋል። ልጅየው ከእንዲህ ያለ ቤት መውጣታቸው ለኋላ ሥራቸው ያለ ጥቅም አልቀረም። ከውጭ የመጣን አዲስ ነገር ሳይፈሩ መቀበልንና ያንኑ ነገር በአገር ቋንቋ አሳምሮ መናገርን ከአባታቸው ወርሰዋል ለማለት ይቻላል።

አቶ ይድነቃቸው ለትምህርት በደረሱበት ጊዜ እግር ኳስ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶችና በውጭ አገር ዜጎች መካከል መጫወት ጀምሮ ነበር። አርመኖችና ግሪኮች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። የኢትዮጵያውያን ብቻ የሆነ ክለብ ግን የተቋቋመው በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ በአራዳ ሠፈር ወጣቶች ተመሥርቶ ስሙንም በአቅራቢያው ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። ከመሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ይድነቃቸውም ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ከዚህ ቡድን ጋር ተቀላቀሉ።

ክለቡ በተቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው መንግሥት ባወጣው የዘር መለያየት ደንብ መሠረት የኢትዮጵያውያንና የነጮች ኑሮ ሁሉ ሲከፋፈል የኳስ ሜዳውም አልቀረለትም። ኢትዮጵያውያን ቡድኖች ከጣሊያን ቡድኖች ጋር እንዳይጋጠሙ ተደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም የገዛ ስሙን ትቶ በወራሪው ስም እንዲጠራ ተገደደ። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው ድረስ ያለውን የወጣትነት ጊዜ ያሳለፉት በዚህ ሁኔታ ነው። ኳሱ ያው ኳስ ነው፤ ግቡም ያው ግብ ነው፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚወስነው የቆዳ ቀለም ሆነ። ኋላ በካርቱም፣ በቶኪዮና በሞንትሪያል ስብሰባዎች የተነሣው ክርክር ለእርሳቸው ከመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም፤ በልጅነታቸው የደረሰባቸው ነው።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ክለቡ ስሙን መለሰ። ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ የሚገኙት ቡድኖች በርካታ ቢሆኑም ሁሉን የሚያገናኝ አካል አልነበረም። ዳኛው በየጊዜው በስምምነት ይመረጣል፤ ጠብ ሲነሣም ዳኝነት የሚጠየቅበት ሸንጎ የለም። በ1935 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ገና 22 ዓመት ያልሞላቸው ይድነቃቸው ከዋናዎቹ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። መተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ፣ የውድድር መርሐ ግብር ማውጣት፣ ዳኞችን ማስተማር የእለት ሥራቸው ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፍሬው የቆየው የጨዋታ ሕጎችን ወደ አማርኛ መመለሳቸው ነው። ሕግ በባዕድ ቋንቋ እስካለ ድረስ የጥቂቶች ንብረት ነው፤ ተጫዋቹ ዳኛውን የሚታዘዘው ከፍርሃት የተነሣ እንጂ ከመረዳት አይደለም። በአማርኛ ሲጻፍ ግን በማናቸውም ጠቅላይ ግዛት የሚገኝ መምህር አንብቦ ተማሪዎቹን ሊያስተምርበት ይችላል። እንደ ደብረ ታቦር ባሉ ከዋና ከተማው የራቁ የደጋ ከተሞች በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የሚጫወት ልጅ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከሚጫወተው ጋር በአንድ ሕግ የሚገዛው እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተካፈሉት ቡድኖች የዚያን ጊዜዋን አዲስ አበባ ገጽታ የሚያሳዩ ነበሩ። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ተጋጠሙ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በፊት ከጣሊያኖች ጋር በአንድ ሜዳ መሰለፍ የተከለከለው ክለብ አሁን በእኩል ሕግ ከእነርሱ ጋር ይጋጠም ነበርና፣ በዚያ ዓመት የተገኘው ትርፍ ከዋንጫው የሚያንስ አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮንነት ለማግኘት እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት።

በእነዚህ ዓመታት አቶ ይድነቃቸው በጠረጴዛ ሥራ ብቻ የተወሰኑ አልነበሩም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በአጥቂነት እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ 23 ዓመት ያህል ተጫውተዋል። በሕይወት ታሪካቸው ላይ እንደሚጠቀሰው ለክለቡ በ365 ግጥሚያዎች ተሰልፈው 318 ግቦች አግብተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ሕግ አውጪው ራሱ በሕጉ ሥር ይጫወት ስለነበረ፣ ዳኛ ባፏጨባቸው ጊዜ ኳሱን አስቀምጦ ከመመለስ በቀር ሌላ መብት አልነበራቸውም። ይህም በደንቡ ላይ ለነበራቸው ክብር ከማናቸውም ንግግር የበለጠ ማስረጃ ነበረ።

ብሔራዊ ቡድኑ በ1940 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሱማሌ ይባል ከነበረው ከጅቡቲ ቡድን ጋር ተጋጥሞ 5 ለ 0 በማሸነፍ የዓለም አቀፍ ግጥሚያውን ምዕራፍ ከፈተ። ፌዴሬሽኑም በ1945 ዓ.ም. ገደማ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር የፊፋ አባል ሆነ። ያን ጊዜ በፊፋ ውስጥ የነበሩት ነፃ የአፍሪካ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አህጉሪቱ በማኅበሩ አመራር ውስጥ የነበራት ድምፅ እጅግ አነስተኛ ነበረ። በሰኔ 1948 ዓ.ም. በሊዝበን የፊፋ ጉባኤ በተደረገበት ጊዜ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ተገናኝተው የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ተነጋገሩ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የምሥረታ ስብሰባ ኢትዮጵያ አራተኛ መሥራች ሆና ስትገኝ አቶ ይድነቃቸው ከአገሪቱ መልእክተኞች መካከል ነበሩ።

በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊደረግ የታቀደው በአራት ቡድኖች ነበር። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ ማኅበር በአገሩ የዘር መድልዎ ፖሊሲ መሠረት ወይ ነጮች ብቻ የሆኑበትን፣ ወይም ጥቁሮች ብቻ የሆኑበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንደማይልክ አስታወቀ። ለአዲሱ ኮንፌዴሬሽን ፈተናው ከባድ ነበር። ገና ያልጸና ማኅበር ከአራት አባላቱ አንዱን ማጣት ማለት የውድድሩን ሩብ ማጣት ነው። ይሁንና ሦስቱ አገሮች ያን ዓይነት ቡድን አንቀበልም በማለታቸው ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ልትጋጠም የነበረው ከእርሷ ጋር ስለነበረ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያገባው አድ ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነበር።

ሽንፈቱ በዚህ አላበቃም። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድር ኢትዮጵያ በድጋሚ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳንም 1 ለ 0 ተረታች። በሁለት ውድድር አንድ ግብ እንኳ ያላገባ ቡድን ለሦስተኛው ውድድር አስተናጋጅ ሆኖ ሲመረጥ በዝግጅቱ ላይ ብዙ ሥራ እንደሚጠብቀው ግልጽ ነበረ። የአሠልጣኝነቱን ኃላፊነት ከዩጎዝላቪያዊው ከስላቭኮ ሚሎሼቪች ጋር የያዙት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በቡድኑ ውስጥ ከአዲስ አበባና ከአሥመራ የመጡ ተጫዋቾች ተሰባስበው ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ በኤርትራ የተወለዱ፣ በአባታቸው የጣሊያን ዘር ያላቸው ሲሆኑ፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነበረ። ከወረራው ገና 20 ዓመት ብቻ ባለፈበት አገር የጣሊያን ስም ያለው ሰው የኢትዮጵያን ቡድን በአምበልነት መምራቱ በዚያ ሜዳ ላይ የዘር ሐረግ መለኪያ እንዳልነበረ ያሳያል።

ግማሽ ፍጻሜው ከቱኒዚያ ጋር ሆኖ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የፍጻሜው ጨዋታ ሲጀመር በተቃራኒው የቆመው የሁለቱ ያለፉ ውድድሮች ባለ ዋንጫ የግብፅ ቡድን ነበር፤ በዚያን ጊዜም የተባበረችው የዓረብ ሪፑብሊክ ቡድን ይባል ነበር። በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ ለግብፆች አገባ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ባደዊ እንደገና አገባ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ።

ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሲያመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ መሮጥ ለእንግዳው ቡድን የሚቀል አልነበረም። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ግን አየሩን የለመዱ ነበሩ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ4 ለ 0 ሽንፈት ተነሥቶ ያንኑ ቡድን ድል ማድረግ ማንኛውም አሠልጣኝ በሕይወቱ አንዴ ቢያገኘው የሚረካበት ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት 25 ዓመታት ግን በአብዛኛው ያለፉት በስብሰባ አዳራሽ ነው። በ1956 ዓ.ም. ፊፋ ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ያወጣው ድልድል ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በጠቅላላ የሰጠው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ደግሞ ያንን ቦታ ለማግኘት ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። በዚህ ጊዜ የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው በግንባር ቀደምትነት ተነሡ። የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። ውሳኔው ለተጫዋቾች የመረረ ነበር፤ በጉልበታቸው ወራት ላይ የነበሩ ብዙ የአፍሪካ ስመ ጥሮች ያንን ዋንጫ ሳያዩት ቀርተዋል። ነገር ግን ፊፋ ለቀጣዩ ውድድር ለአፍሪካ ራሱን የቻለ አንድ ቦታ ለመስጠት ተገደደ፤ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሞሮኮ በዚያ ቦታ ተሰለፈች።

አቶ ይድነቃቸው በፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ከሠሩ በኋላ በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ሕልፈታቸውም ድረስ 15 ዓመት በዚያው ኃላፊነት ቆዩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በዚህ ሥልጣን ላይ ሆነው የተከታተሉት ዋና ጉዳይ በካርቱም የተጀመረውን የደቡብ አፍሪካን ነገር መፈጸም ነው። ፊፋ ያንን ማኅበር በ1954 ዓ.ም. ቢያግደውም፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ አገሩን ከጎበኙ በኋላ በ1955 ዓ.ም. እገዳው ተነሥቶ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ድምፅ እገዳውን መለሰው። ይሁን እንጂ እገዳ በማናቸውም ጊዜ ሊነሣ የሚችል ስለሆነ ጉዳዩ አልተዘጋም ነበር።

በፊፋ ጉባኤ እያንዳንዱ አባል አገር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ያለው አንድ ድምፅ ነው። የአፍሪካ አገሮች ነፃ በወጡ ቁጥር የድምፁ ሚዛን ተለወጠ፤ የኮንፌዴሬሽኑ ጥበብም ያንን የተበታተነ ድምፅ በአንድነት መያዝ ነበር። በሰኔ 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው ምርጫ ብራዚላዊው ዦአዎ አቬላንዥ ስታንሊ ራውስን በሁለተኛው ዙር 68 ለ 52 ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1968 ዓ.ም.፣ የሞንትሪያሉ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። ካርቱም ላይ ሦስት አገሮች የወሰኑት ነገር የዓለም ማኅበር ውሳኔ እስኪሆን 19 ዓመት ፈጀ። በፍራንክፈርት ተስፋ የተሰጠው የዓለም ዋንጫ ማስፋፊያም በ1974 ዓ.ም. ሲፈጸም የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ፤ በዚያ ዓመት አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስትረታ፣ ካሜሩን ደግሞ ሳትሸነፍ ተመለሰች።

በዚህ መካከል በኢትዮጵያ ዘውዱ ወርዶ ወታደራዊ መንግሥት ተተክቷል። አቶ ይድነቃቸው በሁለቱም ሥርዓት የአህጉሩን ኃላፊነት ይዘው ቀጠሉ። በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተደረገ። የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያዊ፣ ሜዳው ኢትዮጵያዊ፣ ተመልካቹ ኢትዮጵያዊ ነበረ፤ ሆኖም የኢትዮጵያ ቡድን ከመጀመሪያው ምድብ ሳያልፍ ቀረ። ከምድቡ ያለፉት ጊኒና ግብፅ ናቸው፤ ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። ከ14 ዓመት በፊት በዚያው ስታዲየም በአሠልጣኝነት ዋንጫ ያገኙት ሰው አሁን በክብር ቦታ ተቀምጠው የአገራቸውን መውደቅ ተመለከቱ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው የሚል ሰው ሕጉ በራሱ ላይ ሲፈርድ መቀበል ግዴታው ነው።

ለሥራቸው ትክክለኛ ግምት ለመስጠት ያልተሳካውንም ማንሣት ይገባል። የአፍሪካ ተጫዋች በወጣትነቱ ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሱ የአህጉሩን እግር ኳስ ያራቁታል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ኮንፌዴሬሽኑም በአፍሪካ ዋንጫ እያንዳንዱ አገር ከውጭ አገር ሊያመጣ የሚችለውን ተጫዋች በሁለት የወሰነ ደንብ ነበረው። ደንቡ እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ ቢሠራበትም ፍልሰቱን ሊያቆመው አልቻለም፤ ይልቁንም አንዳንድ አገሮች ምርጥ ልጆቻቸውን ሳያሰልፉ እንዲቀርቡ አድርጓል። በመጨረሻም ተሻረ። ችግሩን አስቀድመው ማየታቸው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን የክለቦችን አቅም ማጎልበት እንጂ ክልከላ ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር የአገር ቤቱ ነው። ኢትዮጵያ ከ1954 ዓ.ም. በኋላ ዋንጫውን መልሳ አላገኘችም፤ ከ1974 ዓ.ም. ውድድር በኋላም እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ለ31 ዓመት ለፍጻሜው ውድድር ሳትደርስ ቀርታለች። አንድ ሰው ለአህጉር የሚሆን ማኅበር ለማቆም ሊበቃ ይችላል፤ በየአውራጃው ሜዳ የሚያነጥፍ፣ ኳስ የሚገዛ፣ ወጣት የሚያሠለጥን ሥራ ግን በአንድ ሰው ትከሻ የሚያልቅ አይደለም። ይህ ጉድለት የብዙዎች ስለሆነ ለእርሳቸው ብቻ የሚተው አይሆንም።

አቶ ይድነቃቸው በደብረ ታቦር በዓል ዕለት ሲያርፉ ደቡብ አፍሪካ ገና በአፓርታይድ አገዛዝ ሥር፣ ከፊፋም ውጪ ነበረች። በ1984 ዓ.ም. የዘር መለያየቱ ሕግ ተሽሮ ወደ ማኅበሩ ተመለሰች። በጥር 1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በጆሃንስበርግ ሲፈጸም ቱኒዚያን 2 ለ 0 ያሸነፈው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጥቁርም ነጭም ክልስም የተሰለፈበት ነበር። አምበሉ ነጩ ኒል ቶቬ ዋንጫውን ሲያነሣ ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ ከጎኑ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ አይሆንም የተባለው የተቀላቀለ ቡድን ይህ ነው። የካርቱም መሥራቾች የጠየቁት ደቡብ አፍሪካ እንድትቀር አልነበረም፤ እንዲህ ሆና እንድትመጣ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት ዕድሜ አልሰጣቸውም።

ዋንጫ በየሁለት ዓመቱ ባለቤቱን ይለውጣል፤ ግብ ያገባ ሰው ስምም በትውልድ መካከል ይደበዝዛል። በሚገባ የተጻፈ ደንብ ግን ጸሐፊው ከሄደም በኋላ ይሠራል። ዛሬ በደብረ ታቦር ወይም በሌላ የደጋ ከተማ ሜዳ ላይ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ፣ ልጆቹም ያለ ጠብ ኳሱን አስቀምጠው ሲመለሱ፣ ማን ሕጉን በአማርኛ እንዳስነበባቸው የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። የማኅበር ሥራ ጠባይ ይኸው ነው፤ መልካም ሆኖ ከተሠራ ሠራተኛው አይታይም፤ የሚታየው ሜዳውና ጨዋታው ነው።